የእናቴ ስልክ የላከው ቁጥር

ስልኳ የተገኘችው ከእናቴ የክት ነጠላ እጥፋት መሃል ነው። ቁም ሳጥኑን ስከፍተው የደረቀ አሪቲና የብል መድኃኒት ሽታ ተደባልቆ ወጣ። ነጠላውን ሳነሳው ደግሞ ቁልፎቿ የተላጡ፣ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረ ጥቁር ስልክ እግሬ ላይ ወደቀች። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ቤታችን ሊፈርስ ነው፤ ነገ ጠዋት አይሱዙ መጥቶ ዕቃችንን ወደ ኮዬ ፈጬ ይወስዳል። እኔም ከሰኞ ጀምሮ የሚጣለውን ከሚያዘው ስለይ ነው የሰነበትኩት።

ልጄ ቀጭኗን ቻርጀር ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ሰካችላት። ጥቂት ቆይታ ስልኳ ተንቀጠቀጠችና ፈዛዛ ሰማያዊ ብርሃን በራባት። ልጄ እየሳቀች ቁልፎቹን ትጫን ጀመር።

"እማ፣ አያቴ ሜሴጅ ትልክ ነበር እንዴ?"

"ኧረ አትልክም። ፊደል መች ቆጠረችና።"

"እነዚህስ ታዲያ?"

አሳየችኝ። በተላኩት መልእክቶች ውስጥ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው 7 ይላል። ሁለተኛው 8 ይላል። ሌላ ቃል የለም። ልጄ ትርጉሙን ጠየቀችኝ፤ እኔም "ምንም አይደለም፣ ካርቶኑን አሽጊ" አልኳት። የማሸጊያውን ስኮች ስትስበው የሚያወጣው ድምፅ ቤቱን ሞላው። እኔ ግን ስልኳን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለልጄ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ብዙ ዓመት ተቀምጦ ነቅዟል።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጓደኛዬ ከኛ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ ትኖር ነበር። እናቶቻችን አቃቂ ክር ማዞሪያ ፋብሪካ ውስጥ በአንድ ፈረቃ ይሠሩ ስለነበር፣ እኛ ደግሞ አንዳችን ባንዳችን ቤት ነው ያደግነው። ፋብሪካው ሲጮህ ሮጠን መንገድ ላይ እንቀበላቸዋለን። ከማሽን ዘይት ሽታ ጋር ነው የሚመጡት። ፀጉራቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ፣ አንዳንዴም የዐይናቸው ሽፋሽፍት ላይ ሳይቀር የጥጥ ብናኝ ይዘው፣ የምሽቱ ፀሐይ ከኋላቸው ስታበራ ብናኙ ዙሪያቸውን ያበራ ነበር። አሁንም ድረስ እናቴን በሕልሜ ሳያት እንደዚያ ሆና ነው የምትመጣው። ፊቷን በደንብ አላየውም፤ ጥጧን ግን አየዋለሁ።

እኔና ጓደኛዬ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ እንዘፍን ነበር። ጠዋት ሰልፍ ላይ እሷ ዋናውን ድምፅ ታወጣለች፣ እኔ ከሥር እከተላለሁ። ድምፅ ማጉያው እየተንጫጫ እንኳ ተማሪው ጸጥ ይል ነበር። ወደ ቤት የምንመለሰው በባቡሩ ሐዲድ ላይ ነው። ባቡሩ ያን ጊዜ ወይ አይመጣም፣ ወይ ረስቶ ይመጣል። አንዷ በግራው ብረት፣ አንዷ በቀኙ፣ እንዳንወድቅ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሄዳለን። አንድ ቀን ነፋሱ ከባሕር ዛፉ በኩል እየመጣ ሳለ አንድ ዜማ አፌ ላይ መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ካንጎራጎርኩት በኋላ ነው የኔ መሆኑን የተረዳሁት። ጓደኛዬ ቆም አለችና "ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት። ቤት ስንደርስ እሷ ግጥሙን ጨርሳዋለች፤ "ሳታረጂ ሸብተሽ መጣሽ" ነበር የሚለው፣ ለእናቶቻችን። ዜማው የኔ፣ ቃሉ የሷ።

እናቶቻችን የሰሙት ጊዜ የሷ እናት አለቀሱ። የኔዋ ደግሞ "እኔ መች ሸበትኩ፣ እናንተ ዋልጌዎች!" ብላ በነጠላዋ ጫፍ መታችን። ከዚያ ግን ፀጉሯን ስታራግፍ አየኋት።

በዚያው ዓመት ነው ሀገራችን በአህጉሩ የዘፈን ውድድር ልትካፈል ነው የሚል ወሬ በሬዲዮ የተነገረው። ከየሀገሩ አንድ አንድ ዘፋኝ ይላካል፤ ብዙ ሀገር በቴሌቪዥን በቀጥታ ያየዋል፤ ተመልካቹ በስልክ ይመርጣል። የሚኒ ሚዲያው አስተማሪያችን ጋዜጣ ላይ የወጣውን ማስታወቂያ ቆርጦ አመጣልንና "እስቲ ሞክሩ፣ ምን ትጎዳላችሁ" አለን። እኔና እሷ ሐዲዱ ላይ ቁጭ ብለን ተማማልን። ወይ ሁለታችን፣ ወይ ማናችንም።

ለምርጫው ወደ ከተማ የሄድነው በሚኒባስ ነው። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ሳሪስ፣ ጎተራ፣ ስታዲየም!" ሲል ድምፁን ሁሉ በዜማ እሰማው ነበር፤ እንደዚያ ነበር ቀኑ። ጓደኛዬ እጄን ይዛለች። መዳፏ ላብ ነበረው፣ ወይም የኔ ነው።

ከረጅም ኮሪደር መጨረሻ አንድ በር ነበር። በሩ ላይ ወረቀት የያዘች ሴት ቆማ ስማችንን ፈለገችና "ሁለት ናችሁ?" አለች። አዎ አልናት። "አይሆንም። ደንቡ ለአንድ ዘፈን አንድ ዘፋኝ ነው። ማናችሁ ናችሁ የምትገቡት?"

የሀገራችንን ነገር ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰው በር ላይ ከተገናኘ እንዲሁ አይገባም። አንተ ቅደም፣ ኧረ አንተ ቅደም፣ በሞቴ፣ በፍጹም፣ እየተባባለ ውስጥ ያለው ሰው ምግቡ እስኪቀዘቅዝበት ይቆማል። እኛም በዚህ ነው ያደግነው። እናም ሴትዮዋ ስትጠይቅ፣ ጨዋ ያሳደገው ሰው እንደሚያደርገው፣ እኔ ወደ ጓደኛዬ ዞር ብዬ "አንቺ ግቢ" አልኳት።

ቀጥሎ የሚሆነውን አውቀው ነበር። እሷ "ኧረ አንቺ ግቢ፣ ዜማው ያንቺ ነው" ትላለች። እኔ "በፍጹም" እላለሁ። ሁለቴ ሦስቴ ከተባባልን በኋላ "እንግዲያው ሁለታችንም ካልሆነ ይቅር" ብለን፣ አንድ ላይ ወጥተን፣ ስታዲየም ጋ ሻይ ጠጥተን፣ እየሳቅን አቃቂ እንመለሳለን። ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ውስጥ አልቆ ነበር።

እሷ ግን "እሺ" አለች። ጨርቄን ማቄን ሳትል ገባች። በሩ ተዘጋ።

ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ዜማዬን ከውስጥ ሰማሁት። በግድግዳ ውስጥ አልፎ ሲመጣ የሌላ ሰው ዜማ ይመስል ነበር። የኔ ቦታ ሲደርስ ባዶውን ሰማሁና ሳላስበው ከሥር መከተል ጀመርኩ፤ ሴትዮዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም መውቀስ አልቻልኩም። ማን ግቢ አላት? እኔ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

እሷ ተመረጠች። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። እኔም እልል አልኩ፤ ከሁሉ ይልቅ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ሆዴ ውስጥ ያለው እንዳይሰማ። ልትሄድ ስትል ቤታችን መጣች። እናቴ ጉንጯን ይዛ "እንትፍ እንትፍ፣ ከክፉ ዐይን ይጠብቅሽ" ብላ መረቀቻት። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረችና "የኔንና ያንቺን ዘፈን ነው የምዘፍነው" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። "ከሥር የሚከተለኝ ሙያተኛ እዚያ አለ አሉ" ስትል ግን ውስጤ ቅጥል አለ። ምን ልትለኝ ትችል ነበር ሌላ? አሁን ሳስበው እውነቱን ነው የነገረችኝ። ያኔ ግን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ውድድሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ትልቅ ቴሌቪዥንና ዲሽ የነበራቸው ከባቡር ጣቢያው ጡረታ የወጡት ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጆች ሁሉ የባቡሩ አባባ ነው የምንላቸው። ቤታቸው ለሰዉ እንደማይበቃ ሲታወቅ የእድሩን ድንኳን የመትከል ሐሳብ መጣ። የእድሩ ደንብ ከለቅሶና ከሠርግ ውጪ ድንኳን አይወጣም ነው የሚለው። ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ ቆይተው የእድሩ ዳኛ ብድግ አሉና "ይህም ሠርግ ነው። ልጃችንን ለአፍሪካ እየዳርን ነው" አሉ። ክርክሩ በዚህ አለቀ።

ድንኳኑ ከሐዲዱ አጠገብ ሜዳው ላይ ተተከለ። ሸራው ፀሐዩን እያጣራ ስለሚያስገባ ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ የማር መልክ ነበረው። አቧራ፣ የተቆላ ሽምብራና የቆየ ሸራ ይሸት ነበር። ሰው ከልማዱ ተነሥቶ ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶች በሌላ በኩል ተቀመጠ፤ አንዳንዱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። አንዲት አሮጊት ከወንዙ ማዶ ድንኳኑን አይተው እየሮጡ መጡና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወየው! ማን ነው የሞተው?" እያሉ ገቡ። ሠርግ ነው፣ ተቀመጡ ተባሉ። ሙሽራይቱን ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሲያሳዩአቸው ግራ ገባቸው። ብርሃኑ ስክሪኑን ስለጋረደው ከኋላ ጋቢ ሰቀሉ። እኔ ፊት ለፊት፣ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

ሌሎች ሀገሮች ሲዘፍኑ ሰው በትዕግሥት አየ። ሰባተኛዋ እሷ ነበረች። ሰፊ መድረክ፣ ብዙ ብርሃን፣ መሃሉ ላይ ነጭ የለበሰች ትንሽ ልጅ። እናቷ "ይቺ የኔ አይደለችም" አሉ። ከዚያ መዝፈን ስትጀምር ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዜማዬ ከሩቅ ሀገር ተነሥቶ፣ በሰማይ ዞሮ፣ በዲሹ ወርዶ እኛ ድንኳን ውስጥ ገባ። ከሥር የሚከተላት ሰው ጎበዝ ነበር፤ ከኔ ይሻል ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት የፋብሪካ እናቶች በሙሉ ስለ ፀጉራቸው እንደሚዘፈን ገብቷቸው ያለቅሱ ነበር። እኔ ብቻ አላለቀስኩም።

ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል የባቡሩ አባባ ተነሡ። ከኪሳቸው አሥር ብር አወጡ፣ በምላሳቸው አራሱት፣ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱና ግንባሯ ላይ ለጠፉላት። ሠርግ ላይ ዘፋኝ እንደሚሸለመው። ድንኳኑ በእልልታና በጭብጨባ ሊወድቅ ደረሰ። ያ የድሮው ቴሌቪዥን መስታወቱ ፀጉር ይስብ ነበር፤ ብሩም እንደተለጠፈ ቀረ። እሷ እጅ ነሥታ ስትወጣ ሥዕሉ ተቀየረ። ስምንተኛው ተወዳዳሪ መጣ፤ ቀይ ባርኔጣ ያደረገ፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ የሌላ ሀገር ወጣት። አሥሩ ብር ግንባሩ ላይ ነበር።

"አንሡት! አንሡት! የሰው ሀገር ልጅ ሸለምን!" ተብሎ ተጮኸ። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የባቡሩ አባባ ግን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና "ተዉት" አሉ። "እሱም የእናት ልጅ ነው።"

ሁሉም ዘፍነው ሲጨርሱ የመምረጫ ሰዓት ተጀመረ። የዘፋኙን ተራ ቁጥር በመልእክት መላክ ነው። ያን ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ስልክ ያለው እንጂ መልእክት መላክ የሚያውቅ ሽማግሌ አልነበረም። "የእሷ ጓደኛ ትላክልን!" ተባለና ስልኮቹ በሰልፍ ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። መጀመሪያ የእናቴን ተቀበልኩ። 7 ጻፍኩና ላክሁ። እጄ ላይ እያለች ስልኳ ጮኸች። መልሱ በእንግሊዝኛ ነበር። ለራስ ሀገር ድምፅ መስጠት አይቻልም፣ እባክዎ ሌላ ተወዳዳሪ ይምረጡ ነው የሚለው። ሁለቴ አነበብኩት።

መናገር ነበረብኝ። ተነሥቼ "ለእሷ መምረጥ አንችልም፣ ደንቡ አይፈቅድም" ማለት ብቻ ነበር። ወይም የላክሁ መስዬ ስልኮቹን መመለስ እችል ነበር። ቀና ስል ቴሌቪዥኑ ላይ የተወዳዳሪዎቹን ፊት በተራ እያሳየ ነው። አሥሩ ብር አሁንም አልተነሣም። የኔ ጓደኛ አለፈች፤ ፈገግ ብላለች፣ ብቻዋን። ከዚያ ባለ ቀይ ባርኔጣው መጣ። እሱም የእናት ልጅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። የሽማግሌውን ደግ ቃል ለክፉ ሥራዬ ተዋስኩት። ደግነት አልነበረም፤ ቅናት ነበር። 8 ጻፍኩና ላክሁ።

"ገባላት?" አለች እናቴ።

"ገባላት" አልኳት።

ቀጣዩ ስልክ መጣ። 8። ቀጣዩ። 8። እያንዳንዱ ስልኩን ሲሰጠኝ ይመርቀኝ ነበር። "እጅሽ ይባረክ"፣ "ጓደኛ ማለት እንዳንቺ ነው"። ከሽሮ ዱቄት ቤቷ የመጣችው ነጋዴ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከወንዙ ማዶ እያለቀሱ የመጡት አሮጊት ሳይቀሩ፤ ሁሉም ባለ ቀይ ባርኔጣውን መረጡት። መጨረሻ ላይ የመጡት የጓደኛዬ እናት ናቸው። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው አቀረቡልኝ።

"ልጄ፣ የኔን ጥሩ አድርገሽ ላኪልኝ። የእናት ሳይቆጠር አይቀርም።"

አውራ ጣቴ ቆመ። ሸራው በነፋስ ተነፋና ተመለሰ፣ ብርሃኑ በፊታቸው ላይ ሄደና መጣ። ቅንድባቸው ላይ ጥጥ ነበር። ያን እያየሁ ላክሁት።

ከዚያ ነጥብ መስጫው ተጀመረ። እያንዳንዱ ሀገር ተራ በተራ ለማን እንደሰጠ ይነገራል። የኛ ተራ ሲደርስ ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ አንድ ጋዜጠኛ ከረባቱን አስተካክሎ ነጥቦቹን አነበበ። ትልቁ ነጥባችን የሄደው ለስምንተኛው ነበር። የእሷ ስም ጭራሽ አልተጠራም። ቀጥሎ ሁሉም ባንዴ ተናገረ።

"እኛ የላክነውስ የት ደረሰ?"

"ቦሌዎች ናቸው! እነሱ የሀገር ሰው መች ይወዳሉ!"

"ኧረ መርካቶ ነው፣ ነጋዴው ለባዕድ ሸጣት!"

ወደ እኔ የዞረ አልነበረም። ጓደኛዬ አራተኛ ወጣች። ባለ ቀይ ባርኔጣው በአንድ ደረጃ ቀድሟት ሦስተኛ ሆነ። ሲዲ የሚታተምላቸውና በየሀገሩ እየዞሩ የሚዘፍኑት ሦስቱ ብቻ ናቸው ተብሎ ነበር። በሀገሩ ሁሉ ስንቱ ሰው ልኮ ይሆናል፤ ከእኛ ድንኳን የወጣው ምን ያህል ነው? ብዙ ዓመት ይህን እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። አጽናንቶኝ አያውቅም። የባቡሩ አባባ ብሩን ከመስታወቱ ላይ ቀስ ብለው ላጡና ለእናቷ ሰጡ። "ስትመጣ ስጫት" አሉ።

ስትመጣ ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ወጥቶ ተቀበላት። ከመኪናው ስትወርድ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። አንዱ "እኔ መርጬሻለሁ" ይላል፣ ሌላዋ "እኔም፣ በገዛ ስልኬ" ትላለች። የምርጫው ደንብ ለተወዳዳሪዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ነው የሚነገረው። እሷ ለራስ ሀገር እንደማይመረጥ ከሁላችንም በላይ ታውቅ ነበር። ግን የእያንዳንዱን ጉልበት እየሳመች "አውቃለሁ እማማ፣ ደርሶኛል" ትላለች። "ደርሶኛል አባባ። አመሰግናለሁ።" ማንንም አላሳፈረችም። እኔ ከሰዉ ኋላ ቆሜ ነበር። ዐይናችን ተገናኘና ቀድሜ እኔ አቀረቀርኩ።

ማታውን እናቷ ቤት እራት ነበር። አልሄድም ብዬ ቆየሁ። እናቴ "ጓደኛሽ አይደለችም እንዴ?" ብላ ስትቆጣኝ ተነሣሁ። ደጃፋቸው ላይ ስደርስ ጓደኛዬ በር ላይ ቆማለች። የእናቷ ስልክ እጇ ላይ ነበር። ከውስጥ የሰው ሳቅና የድስት ሽታ ይመጣል።

"የእማዬን ስልክ አየሁት" አለችኝ።

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቁጣዋን ጠበቅሁ። እሷ ግን ስልኩን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ከበሩ ፈቀቅ አለች።

"ግቢ" አለችኝ።

እኔም ከልማዴ፣ ሳላስበው፣ "አንቺ ግቢ" አልኳት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ሁለታችንም ያንን ኮሪደር አየነው። ፊቷ ተለወጠ።

"አይ፣ አንቺ ግቢ" አለች።

"ኧረ አንቺ ግቢ።"

"በፍጹም። አንቺ ግቢ።"

"በሞቴ አንቺ ግቢ።"

እምባችን እየወረደ፣ እንደ አሮጊት፣ በር ላይ ቆመን ስንባባል እናቷ ከውስጥ ጮኹ። "ምን በር ላይ ይገትራችኋል! ሁለታችሁም ግቡ!"

አንድ ላይ ገባን። በሩ ጠባብ ስለነበር ትከሻችን ተጣብቆ ተያዝን።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ስለዚህ አላወራንም። እሷ ጥቂት ዓመት ሆቴል ውስጥ ዘፈነች፣ ከዚያ ተወችው። አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ሕፃናት ታስተምራለች። እናቷ አርፈዋል፣ የባቡሩ አባባም፣ እናቴም። ሐዲዱን ሣር ውጦታል። እንጠያየቃለን፣ በዓል ሲሆን እንደዋወላለን፣ ደኅና ነን።

ግን አንድ ነገር አታውቅም። እሷ ያየችው የእናቷን ስልክ ነው። እዚያ ያለው 8 ብቻ ነበር። 7 ያለው እዚህ፣ እጄ ላይ፣ ከነጠላ መሃል በወጣችው ስልክ ውስጥ ነው።

ደወልኩላት። ከኋላዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

"የእናቴን ስልክ አገኘሁት" አልኳት። "መልእክቶቹ ሁለት ናቸው። መጀመሪያ 7 ነበር የላክሁት። አልቀበል ሲለኝ ነው … መጀመሪያ ግን 7 ነው።"

በር ዘግታ ጫጫታውን ስትቀንሰው ሰማሁ።

"እሱን አላውቅም ነበር" አለችኝ። ቀጥላም "እኔም አንድ ነገር አልነገርኩሽም" አለች። "ያን ቀን 'እሺ' ካልኩ በኋላ በሩ ላይ ዞሬ ነበር። ብታዪኝ ኖሮ እመለስ ነበር። አንቺ መሬት መሬቱን ታዪ ነበር።"

ልጄ ካርቶን ማሸጉን ትታ ታየኛለች። የእናቴ ስልክ ጭኔ ላይ ብርሃኗ ጠፋ።

"ዜማውን ታስታውሺዋለሽ?" አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት ጀመረችው። ድምፏ ወፍሯል፣ ትንሽ ሻክሯል፤ ግን እሷው ናት። የኔ ቦታ ሲደርስ አፌን ከፈትኩ። ከሥር የምከተለው ጠፋኝ። ፈለግሁት፤ የሐዲዱን ነፋስ አገኘሁ፣ የባሕር ዛፉን ሽታ አገኘሁ፣ ድምፁን ግን አላገኘሁትም። ጓደኛዬ ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቀጠለች፤ የኔ ቦታ በደረሰ ቁጥር ጥቂት እየቆመች፣ ባዶውን እየተወችልኝ፣ እስከ መጨረሻው ዘፈነችልኝ።